በጉበት የተከማቸ ብረትና የኤምአርአይ ልኬት

የአንድ ጤናማ ጎልማሳ ሰውነት ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት ይይዛል። አብዛኛው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ኦክስጅን ሲያመላልስ ይኖራል፤ ከዕለት ሥራ የተረፈው ደግሞ በዋናነት ጉበት ውስጥ ይቀመጣል። ሰውነት ብረት የሚያስገባበት በር እንጂ ሲበዛበት የሚያስወጣበት በር የለውም። በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ከአንጀት ይገባል። ያንኑ ያህል ከቆዳና ከአንጀት በሚረግፉ ሴሎች፣ በሴቶች ደግሞ በወር አበባም ይወጣል። በላብና በሽንት የሚወጣው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ከልክ በላይ የገባ ብረት እዚያው ይከማቻል።

ጉበት ብረቱን የሚያስቀምጠው ፌሪቲን በሚባል ፕሮቲን ውስጥ ነው። አንዱ የፌሪቲን ሞለኪውል እስከ 4,500 የብረት አቶሞች ይይዛል። ፌሪቲኑ ሲሞላ ብረቱ ሄሞሲደሪን ወደሚባል ደቃቅ ጥርቅም ይለወጣል። ከዚህም አልፎ ሳይታሰር የቀረ ብረት የሴሎችን ሽፋንና ዘረመል የሚጎዱ ኬሚካሎችን ይፈጥራል። ጉዳቱ ዓመታት ሲቆይ ጉበቱ ጠባሳ ያወጣል፣ ይኮማተራል፣ አንዳንዴም ካንሰር ያበቅላል። ልብ፣ ከጨጓራ ጀርባ ያለው ቆሽትና ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎችም አይተርፉም። አስቸጋሪው ነገር ታማሚው ለብዙ ጊዜ ምንም የማይሰማው መሆኑ ነው። የተለመደው የጉበት ምርመራም ደህና ሊመስል ይችላል። የብረቱን መጠን በቁጥር ማወቅ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ባለችው በሞላሌና በዙሪያዋ፣ ስለ ብረት መብዛት ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ከምግብ ጋር የተያያዘ ነው። ጤፍ በብረት ሀብታም ነው መባሉን ያልሰማ የለም። ሞላሌ ያለችበት የመንዝ ደጋ ዋና እህል ገብስ ቢሆንም ጤፍም ከወይና ደጋው ወደ ገበያ ይወጣል። ሁለቱም በባህላዊው መንገድ ሲወቁ የሚያልፉት በአውድማ ነው። አውድማው ይጠረጋል፣ በእበት ይለቀለቃል፣ ነዶው ይበተናል፣ በሬዎች ይዞሩበታል፤ ከዚያ በመንሽ ይገለበጣል፣ በላይዳ ለነፋስ ይሰጣል። የገብስ ፍሬ ትልቅ ስለሆነ በሰፌድ ሲበጠርና ሲታጠብ አፈሩ ይለቀዋል። የጤፍ ፍሬ ግን ከደቃቅ አፈር ጋር ስለሚመጣጠን የአውድማውን አፈር ይዞ ወደ ወፍጮ ይገባል። ቀይ አፈር ደግሞ ቀይ የሆነው በብረት ኦክሳይድ ነው።

ነገሩ በሳይንስ መታየት ከጀመረ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1963 አልምጎርድ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ በጤፍ ውስጥ የሚገኘው ከፍተኛ ብረት በአብዛኛው ከአፈር ንክኪ የመጣ መሆኑን ጻፈ። በ1968 ደግሞ የአገሩ ልጅ ሐኪሙ ይንግቨ ሆፍቫንደር በኢትዮጵያ ያካሄደውን ሰፊ የደም ጥናት አሳተመ። ጥናቱ ኢትዮጵያውያን በቀን የሚመገቡት ብረት በሌላው ዓለም ከሚታወቀው እጅግ የላቀ፣ ከመቶ ሚሊግራም የሚያልፍ መሆኑን መዘገበ። ለጎልማሳ ከፍተኛው የዕለት ገደብ ተብሎ አሜሪካ ውስጥ የተቀመጠው 45 ሚሊግራም መሆኑን ላስታወሰ ሰው ይህ አስደንጋጭ ቁጥር ነው። ሆኖም በዚህ ሁሉ ብረት ጉበቱ የተመረዘ ሕዝብ አልተገኘም። በ1980 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት የአልምጎርድን ሐሳብ አጠናከረው፤ አፈር ያልነካው ጤፍ ያለው ብረት ከሌሎች እህሎች ብዙም አይርቅም። ዛሬም በተለያዩ ጥናቶች በ100 ግራም ጤፍ የተመዘገበው የብረት መጠን ከ10 ሚሊግራም በታች ተነስቶ ከ150 በላይ የሚደርሰው በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱ ያለው እህሉ ላይ ሳይሆን አውድማው ላይ ነው።

ጉበት ያልተጎዳበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ የአፈር ብረት በጨጓራ አሲድ በቀላሉ አይሟሟም፤ ያልሟሟ ብረት ደግሞ እንደገባ ይወጣል። ፈጽሞ አይጠቅምም ማለት ግን አይደለም። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የአፈር ብረት ደም ያነሳቸውን የሙከራ አይጦች ደም በመጠኑ እንደሚያሻሽል አሳይቷል። ሁለተኛው ምክንያት ሄፕሲዲን ነው። ይህ ሆርሞን የሚመነጨው ከራሱ ከጉበት ነው። ክምችቱ ሲበዛ ሄፕሲዲን ይጨምርና ብረት ከአንጀት ሴል ወደ ደም የሚያልፍበትን መተላለፊያ ይዘጋል፤ ክምችቱ ሲያንስ ይከፍተዋል። በሩ ጤናማ እስከሆነ ድረስ በገበታ የመጣው ብረት የፈለገውን ያህል ቢበዛ የሚያልፈው በልኩ ነው። ብረት በሞላበት ማዕድ ላይ ደም ማነስ መኖሩም አብዛኛው የአፈር ብረት ወደ ደም እንደማይገባ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ኢትዮጵያውያን ሕፃናት 57 በመቶው ደም አንሷቸው ተገኝቷል።

ከምግብና ከመጠጥ የሚመጣ የብረት ክምችት በአፍሪካ ጨርሶ የለም ለማለትም አይቻልም። በደቡባዊ አፍሪካ ስትራቻን የተባለ ሐኪም በ1929 የገለጸው የጉበት ብረት ሕመም ምንጩ በብረት ድስትና በርሜል የሚጠመቅ የቤት ቢራ ነበር። የመፍላቱ አሲድ የዕቃውን ብረት ያሟሟዋል፤ የተሟሟ ብረት ደግሞ እንደ አፈሩ ሳይሆን በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። በ1992 የወጣ ጥናት ከቢራው በተጨማሪ በዘር የሚተላለፍ ዝንባሌም እንዳለበት አመለከተ። የመንዝ ጠላ በብቅል፣ በአሻሮና በጌሾ ተጠንስሶ የሚፈላው በወይራ በታጠነ የሸክላ ጋን ነው፤ ሸክላው እንደ ብረት ዕቃ በአሲድ አይበላም። ለድግስ ብሎ በባዶ የብረት በርሜል መጥመቅ ግን ያንኑ ኬሚስትሪ ወደ ቤት መጋበዝ ነው።

እንግዲህ በኢትዮጵያ የጉበት ብረት መለካት የሚያስፈልገው ለማን ነው? በቅድሚያ ደም በተደጋጋሚ ለሚሰጠው ታማሚ ነው። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይዞ ይገባል፤ በደም ሥር የገባ ስለሆነ የሄፕሲዲን በር አያግደውም። መቅኒው ደም ማምረት ያቆመበት ታማሚ 25 ከረጢት ከወሰደ ቢያንስ 5 ግራም ብረት ተጨምሮበታል ማለት ነው። ይህ ሰውነቱ ከመጀመሪያው ከነበረው ሁሉ ይበልጣል። በዘር የሚመጡት የደም ሕመሞች ታላሲሚያና ሲክል ሴል በኢትዮጵያ ደጋ ብርቅ ናቸው። የመቅኒ ድክመት፣ የደም ካንሰርና የረጅም ጊዜ የኩላሊት እጥበት ግን የትም አሉ። በእጥበት ላይ ያሉ ሰዎች ብረት በመርፌም ይወስዳሉ። በአውሮፓ የተለመደው በዘር የሚመጣ የብረት ክምችት ሕመም (ሄሞክሮማቶሲስ)፣ ዘረመሉ በ1996 የተለየው፣ በአፍሪካውያን ዘንድ እምብዛም አይገኝም። ሆኖም ሄፕሲዲንን የሚያበላሹ ሌሎች የዘር ለውጦች በየትኛውም ሕዝብ ሊኖሩ ስለሚችሉ ምክንያቱ ያልታወቀ ክምችት ሲታይ ማሰቡ አይከፋም።

ክምችቱን ለመገመት ሐኪም መጀመሪያ የሚያዘው የደም ምርመራ ነው። ሄሞግሎቢን ስለ ክምችት አይናገርም። በደጋ ሲሆን እንዲያውም ያሳስታል፤ የከፍታው ተጽዕኖ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያልና። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እንደዘገቡት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች አማካይ ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ደም በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም ነበር። ይህ በባሕር ዳርቻ ከሚኖሩት ብዙም አይለይም፤ በአንዲስ ተራሮች ግን ያው ከፍታ ደሙን ያወፍራል። በደም ውስጥ ያለው ፌሪቲን የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል፣ ርካሽም ነው። ችግሩ ኢንፌክሽን፣ የጉበት ብግነት፣ ሳንባ ነቀርሳ ወይም ካንሰር ሲኖር ብረት ሳይጨምርም መጨመሩ ነው። በሚሊሊትር ከ1,000 ናኖግራም በላይ የሆነ ፌሪቲን አስደንጋጭ ነው፤ ግን ግማሹ የብረት፣ ግማሹ የሕመሙ ሊሆን ይችላል።

ለብዙ ዓመታት የመጨረሻ ዳኛ ተደርጎ የኖረው በመርፌ ከጉበት የሚወሰድ ናሙና ነው። ናሙናው ደርቆ ይመዘናል፣ በውስጡ ያለው ብረት በኬሚካል ይለካል፤ ውጤቱም በአንድ ግራም ደረቅ ጉበት ስንት ሚሊግራም ብረት እንዳለ ይናገራል። እስከ 1.8 ጤናማ ነው። ከ3 እስከ 7 ቀላል፣ ከ7 እስከ 15 መካከለኛ፣ ከ15 በላይ ከባድ ክምችት ይባላል። ነገር ግን የናሙናው መጠን ከጉበቱ ሃምሳ ሺሕ አንደኛ ያህል ብቻ ነው። ከጎተራ አንድ ፍሬ አንስቶ ስለ እህሉ ሁሉ እንደ መፍረድ ነው፤ በተለይ ጉበቱ ከተኮማተረ ብረቱ አንዱ ቦታ በዝቶ ሌላው ቦታ ሊያንስ ይችላል። የመድማት አደጋም አለው። በየስድስት ወሩ ይደገም ቢባል ደግሞ የሚስማማ ታማሚ አይገኝም።

ኤምአርአይ ይህን ችግር የፈታው ብረቱን በማየት አይደለም። መሣሪያው ብረትን አያይም፤ የሚያየው ውኃን ነው። በጉበት ሴሎች ውስጥ ያለው የውኃ ሃይድሮጅን ኒውክሊየስ፣ ማለትም ፕሮቶን፣ እንደ ደቃቅ ማግኔት ይሠራል። ሰውየው 1.5 ቴስላ ጉልበት ባለው ማግኔት ውስጥ ሲገባ ፕሮቶኖቹ በሰከንድ 64 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይሽከረከራሉ። የማግኔቱ ጉልበት ከምድር ማግኔታዊ መስክ ከ30,000 እጥፍ በላይ ነው። ፕሮቶኖቹ በሚሽከረከሩበት ፍጥነት የሚርገበገብ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክባቸው አብረው በአንድ ዜማ መዞር ይጀምራሉ፤ ከዚህ የሚወጣውን ደካማ ሞገድ መሣሪያው ይቀበላል። ሁሉም እኩል እስከዞሩ ድረስ ሞገዱ ይሰማል፤ አንዱ ፈጥኖ ሌላው ሲዘገይ ሞገዳቸው ይጠፋፋል፣ ምስሉም ይጠቁራል።

ፌሪቲንና ሄሞሲደሪን በማግኔት ውስጥ ሲገቡ ራሳቸው ጥቃቅን ማግኔት ይሆናሉ። በአጠገባቸው ያሉት ፕሮቶኖች የሚሰማቸው መስክ ከሌሎቹ ስለሚለይ ዜማው ይረበሻል። ብረት በበዛ ቁጥር ረብሻው ይበዛል፣ ሞገዱም ቶሎ ይጠፋል። ሞገዱ ከመነሻው ወደ 37 በመቶ እስኪወርድ የሚወስደው ጊዜ ቲ-ቱ-ስታር ይባላል፤ የሚለካው በሚሊሰከንድ ነው። 1,000ን በዚህ ቁጥር ሲያካፍሉት የሚገኘው የመጥፋት ፍጥነት አር-ቱ-ስታር ነው። ለብረት ስሌት የሚሻለው ይኸኛው ነው፤ ብረት ሲጨምር አብሮ ቀጥ ብሎ ይጨምራልና።

በተግባር ታማሚው በጀርባው ይተኛል። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ስልክ፣ ከማተቡ ላይ የተንጠለጠለ የብረት መስቀል ውጭ ይቀራል፤ የክር ማተቡ ራሱ አይከለከልም። ባለሙያው ‹‹ትንፋሽዎን ይያዙ›› ይላል። ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ መሣሪያው እያንኳኳ የአንዱኑ የጉበት ቁራጭ ከ8 እስከ 12 ምስል ያነሳል። የመጀመሪያው ሞገዱ ከተነሣ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ቆይቶ ይወሰዳል፤ የቀሩት ከ1 ሚሊሰከንድ በማይርቅ ልዩነት ይከተላሉ። ጨረር የለውም፣ መርፌም አያስፈልገውም። ለሌላ ምርመራ ማቅለሚያ መድኃኒት የሚሰጥ ከሆነ የብረቱ ልኬት ከዚያ በፊት መደረግ አለበት።

ምስሎቹ በተከታታይ ሲታዩ ነገሩ ለዓይንም ግልጽ ነው። ቲ-ቱ-ስታሩ 20 ሚሊሰከንድ የሆነ ጉበት በ6ኛው ሚሊሰከንድ ላይ ገና 74 በመቶ ሞገዱ አለ፤ ግራጫ ሆኖ ይታያል። 2 ሚሊሰከንድ የሆነው ጉበት ግን በዚያው ሰዓት 5 በመቶ ብቻ ቀርቶታል፤ ከጎኑ ያለው የጀርባ ጡንቻ ደምቆ ሳለ እርሱ ጥቁር ነው። ጣፊያም አብሮ ከጠቆረ ብረቱ ደም ከመውሰድ የመጣ መሆኑ ይጠረጠራል። በዘር የሚመጣው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ጣፊያን ይተዋል።

ቁጥሩ የሚወጣው ባለሙያው ከጉበቱ ላይ ከትልልቅ የደም ሥሮች የራቀ ቦታ ከከለለ በኋላ ነው። ኮምፒዩተሩ በዚያ ቦታ ያለው ሞገድ እንዴት እንደወረደ መስመር ይሠራለታል። ከዚያ አር-ቱ-ስታሩን ወደ ብረት የሚለውጥ ቀመር ይመጣል፤ ክርክሩም እዚህ ላይ ነው። ጆን ዉድና ባልደረቦቹ በ2005 ከጉበት ናሙና ጋር አነጻጽረው ያወጡት ቀመር አር-ቱ-ስታርን በ0.0254 አባዝቶ 0.202 ይጨምራል። ጋርቦውስኪና ባልደረቦቹ በ2014 ያወጡት ደግሞ በ0.032 አባዝቶ 0.14 ይቀንሳል። ቲ-ቱ-ስታሩ 2 ሚሊሰከንድ የሆነ ታማሚ አር-ቱ-ስታሩ 500 ነው። በመጀመሪያው ቀመር 12.9 ሚሊግራም፣ በሁለተኛው 15.9 ሚሊግራም ብረት አለው። ያው ሰው፣ ያው ምስል፣ አንዱ መካከለኛ ሌላው ከባድ ይለዋል። ሁለቱም ቀመሮች በአግባቡ የተሠሩ ናቸው። ስህተቱ የሚመጣው ዓምና በአንዱ፣ ዘንድሮ በሌላው የተሰላውን አስተያይቶ ‹‹ብረቱ ጨምሯል›› ወይም ‹‹ቀንሷል›› ሲባል ነው።

መሣሪያውም የራሱ ጣጣ አለው። በ3 ቴስላ ማግኔት ያው ብረት አር-ቱ-ስታሩን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል፤ ስለዚህ የ1.5 ቴስላ ቀመር በቀጥታ አይሠራበትም። ብረቱ እጅግ ሲበዛ ደግሞ ሞገዱ ገና የመጀመሪያው ምስል ሳይነሳ ጠፍቶ የቀረው የመሣሪያው ጫጫታ ብቻ ይሆናል። ጫጫታውን እንደ ሞገድ የቆጠረ ስሌት ብረቱን አሳንሶ ያወጣዋል። ለዚህ ለዚህ 1.5 ቴስላው ይሻላል፤ አዲስ ሁሉ የተሻለ አይደለም። አነስተኛ ጉልበት ያላቸው ክፍት ማግኔቶች ለእነዚህ ቀመሮች አልተሠሩም። የጉበት ስብም ከውኃ የተለየ ዜማ ስላለው ምስሉን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ስብና ውኃን ለይቶ የሚያሰላ ዘዴ ከሌለ ውጤቱ ይዛባል።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። ከአውስትራሊያ የመጣው ፌሪስካን የተለየ የሞገድ አነሣስ ይጠቀማል፤ ምስሎቹ ተልከው በአንድ ማዕከል ይሰላሉ፣ በአሜሪካም በ2005 ፈቃድ አግኝቷል። ውጤቱ ከቦታ ቦታ አይለዋወጥም፤ ክፍያው ግን አለ። በፈረንሳይ ሬን ከተማ በ2004 የቀረበው ዘዴ ደግሞ የጉበቱን ድምቀት ከጀርባ ጡንቻው ጋር ብቻ ያነጻጽራል። ልዩ ሶፍትዌር ለሌለው ሆስፒታል የሚመች ቢሆንም ከ20 ሚሊግራም አካባቢ በላይ መለየት ይሳነዋል። ስኩዊድ የተባለው ሌላ የማግኔት መለኪያ በዓለም ላይ በጥቂት ማዕከላት ብቻ ያለ ነው።

ከጉበቱ ቁጥር የመላው ሰውነት ብረት ይገመታል። በ2000 በአንጀሉቺና ባልደረቦቹ የታተመው ስሌት የጉበቱን ብረት በ10.6 ያባዛል፤ የሚገኘው በኪሎ ክብደት ስንት ሚሊግራም ብረት እንዳለ ነው። 10 ሚሊግራም ያለበት 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5.3 ግራም ያህል ክምችት አለው። ስሌቱ የተገኘው ጉበታቸው ካልተኮማተረ የታላሲሚያ ታማሚዎች ስለሆነ ለሌላው ግምት ብቻ ነው። ልብ ደግሞ ለብቻው መለካት አለበት። ጉበቱ እየጠራ ልቡ ሊጠቁር ይችላል፤ ከ2001 ወዲህ በሰፊው የሚሠራበት መስፈርት የልብ ቲ-ቱ-ስታር ከ20 ሚሊሰከንድ በታች ከሆነ ብረት ገብቶበታል ይላል፤ ከ10 በታች የልብ ድካም ደጃፍ ነው።

ሕክምናው በቁጥሩ ይመራል። ደም ያላነሰው ሰው ደም ይቀዳለታል፤ ግማሽ ሊትር ያህል ሲወጣ ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት አብሮ ይወጣል። ደም የሚያንሰው ደግሞ ዲፌሮክሳሚን፣ ዲፌሪፕሮን ወይም ዲፌራሲሮክስ ይሰጠዋል፤ እነዚህ ብረቱን አስረው በሽንትና በሰገራ ያወጡታል። ብዙውን ጊዜ የሚታለመው ቁጥሩን ከ7 በታች ማድረስ ነው። ከዚያ በጣም ሲወርድ መድኃኒቱ ራሱ ጆሮን፣ ዓይንንና ኩላሊትን ስለሚጎዳ መጠኑ ይቀነሳል። ልኬቱ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ይደገማል።

ከሞላሌ የሚነሳ ታማሚ ለደም ሕክምና የሚወርደው በመዘዞና በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ነው። ልኬቱን አንዱ ቦታ አድርጎ ክትትሉን ሌላ ቦታ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ በጦርነት ተመትቶ ፍንጣሪ ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ሰው፣ ወይም ብረት ሲበይድ ስብርባሪ ዓይኑ የገባ ሰው ወደ ማግኔቱ ከመግባቱ በፊት መናገርና በራጅ መታየት አለበት። የልብ ምት መሣሪያ የተተከለለትም አስቀድሞ መናገር አለበት። የውጤት ወረቀቱ ‹‹ብረት አለበት›› ብቻ ካለ ለቀጣዩ ሐኪም ምንም አልነገረውም። የማግኔቱን ጉልበት በቴስላ፣ የተለካውን አር-ቱ-ስታር እና የተሰላበትን ቀመር ያልያዘ ወረቀት ሙሉ ስላልሆነ ታማሚው ሦስቱን ሳያስጽፍ፣ ምስሎቹንም በሲዲ ሳይቀበል ከምርመራ ክፍሉ አይውጣ።